ከአውሮፕላን በኋላ የሚቀረው ነጭ መስመር



በጀሞና በለቡ ሰማይ ላይ ጥርት ባለ ቀን አልፎ አልፎ የሚታየውን ነጭ መስመር ብዙ ሰው ጭስ ይለዋል። ጭስ ግን አይደለም። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል ከ1.2 ኪሎ የማያንስ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ይህም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ከቀዘቀዘ አየር ጋር ሲደባለቅ በጥላሸት ብናኝ ላይ እየረጋ የበረዶ ደመና ይሆናል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረባቸው ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ይበሩ ስለነበር እንዲህ ያለ ዱካ አይተዉም ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ ያ ቅዝቃዜ የሚገኘው ከባሕር ወለል 10 ኪሎ ሜትር ከታለፈ በኋላ ነውና፣ ዛሬም ወደ ቦሌ ለማረፍ የሚያንዣብብ ጄት መስመር አይሥልም፤ የሚሥለው በከፍታ የሚያልፈው ነው።

ቅዝቃዜው ዱካውን ይወልደዋል፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን እርጥበት ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ በደቂቃዎች ይጠፋል፤ በእርጥበት ከጠገበ ግን ለሰዓታት እየሰፋ ስስ ደመና ይሆናል። ይህ ደመና ቀን የፀሐይን ብርሃን በከፊል ይመልሳል፤ ከምድር የሚወጣውንም ሙቀት ያግዳል። ሌሊት የሚመለስ ብርሃን ስለሌለ ማገዱ ብቻ ይቀራል። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ በረራዎች አብዛኞቹ በእኩለ ሌሊት አካባቢ የሚነሡ መሆናቸውን ለሚያስብ ባለሙያ ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም።

ዴቪድ ሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት የዱካው ደመና የማሞቅ ኃይል በካሬ ሜትር 57 ሚሊዋት፣ ከአውሮፕላን የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 34 ሚሊዋት ሆኖ ተገምቷል። ሆኖም የመጀመሪያው አኃዝ ከ17 እስከ 98 ሊዋዥቅ ይችላል። በጃፓን ሰማይ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ ከዱካው ሙቀት 80 ከመቶ ያህሉ የመጣው ከበረራዎቹ 2 ከመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አመልክቷል። እንግዲህ ጥቂቶቹ በረራዎች ከፍታ ቢለውጡ ይበቃል ማለት ነው።

ነገር ግን ከፍታ መለወጥ ነዳጅ ይጨምራል፤ ደመናው በማግስቱ ሲጠፋ የተጨመረው ጋዝ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። አብራሪው ሁለት ሺህ ጫማ ዝቅ በል ከመባሉ በፊት እርጥቡ ንብርብር በእርግጥ ከፊቱ መኖሩ መታወቅ አለበት፤ በአፍሪካ ግን ባሉን የሚለቅቁ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎች እጅግ የተራራቁ ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ አንዳንድ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የእርጥበት መለኪያ ተገጥሞላቸው ይበራሉ። መሣሪያው በብርቱ ቅዝቃዜ ትክክለኛነቱ ቢቀንስም፣ ሌሊት ሌሊት ከቦሌ ወደ ሰሜን የሚበሩት አውሮፕላኖች ቢሸከሙት ትንበያው ያጣውን ልኬት ከዚያው ከመንገዳቸው ይዘውለት ይመለሳሉ።