የጎማ ልክና የቆጣሪ እውነት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ርእስ ለዕድር ስብሰባ የማይገባ ይመስል ይሆናል። ስለ ጎማ ነውና። «ለቀብር የተቋቋመ ማኅበር ስለ ጎማ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጡሩምባ ሲነፋ አስከሬን የሚያነሣው፣ ድንኳንና ወንበር የሚያጓጉዘው፣ ለቅሶ ደራሹን ወደ ኢታንግና ወደ አቦቦ፣ አንዳንዴም ሽቅብ ወደ ቡሬና ወደ ጎሬ የሚያደርሰው የአባላት መኪና ነው። የነዳጁም ወጪ የሚተካው ቆጣሪው ላይ በተነበበው ኪሎ ሜትር ልክ ነው። እንግዲህ ቆጣሪው ከዋሸ ወይ ዕድሩ ይጎዳል፣ ወይ ባለመኪናው ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰው ሰውን መጠርጠር ይጀምራል።

እኛ መካኒክ አይደለንም። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለን የመኪና መውጫና መግቢያ መዝገብ ለብዙ ዓመት ስለያዝን፣ ቆጣሪና ነዳጅ እንዴት እንደሚጣሉ ደጋግመን አይተናል። የምንነግራችሁም መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ለሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚገባ ነገር ነው።

በመካከላችን የድሮ መኪና ያላችሁ አባላት አላችሁ። ቮልስ አለ፣ ላንድሮቨር አለ፣ የጥንት ላንድክሩዘር አለ። እነዚህ መኪናዎች ጠንካሮች ናቸው፤ ችግራቸው እንደ እኛው ዕድሜ ነው። የዚያ የምናውቀው ቮልስ የመጨረሻው የተሠራው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነበር። የጥንቶቹ ላንድሮቨሮችማ ከዚያ በፊት ነው የቆሙት። ፋብሪካው የገጠመላቸው የጎማ ቁጥር ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ባለመኪናው ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ «ቸርኬው ላይ የሚገባ ምን አለህ?» ይላል። የተገኘው ይገባለታል፤ መኪናዋም ትሄዳለች። ቸርኬ ላይ የገባ ጎማ ሁሉ ግን ልኩ አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አባትና ልጅ ከባሮ ድልድይ ተነሥተው እስከ ገበያ በእግራቸው ሄዱ እንበል። ሁለቱም እርምጃቸውን ይቆጥራሉ። መንገዱ አንድ ነው፤ የልጁ ቁጥር ግን ከአባቱ ይበልጣል፤ እርምጃው አጭር ነውና። የመኪናም ቆጣሪ እንደዚሁ ነው። መንገዱን አያየውም፤ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ብቻ ነው። ፋብሪካው «ይህን ያህል ዙር ሲሞላ አንድ ኪሎ ሜትር በል» ብሎ አስተምሮታል። ጎማውን በትልቅ ከቀየርነው እርምጃው ይረዝማል፤ ቆጣሪው ግን አልሰማም፣ የቀድሞውን ይቆጥራል። ከዚህ የተነሣ ትልቅ ጎማ ሲገባ ቆጣሪው ያሳንሳል፤ ትንሽ ጎማ ሲገባ ያበዛል። የፍጥነት መለኪያውም መርፌ እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ ቮልስ ያላችሁ አባላት አንድ ነገር ልብ በሉ። በላንድሮቨርና በብዙዎቹ መኪናዎች የቆጣሪው ሽቦ የሚነሣው ከካምቢዮው በስተኋላ ነው። በቮልስ ግን ሽቦው የሚነሣው ከፊተኛው የግራ ጎማ መሐል ነው። ስለዚህ የቮልስን የኋላ ጎማዎች ብትቀይሩ ቆጣሪው አይነካም፤ የፊተኛውን የግራ ጎማ ብትቀይሩ ግን ወዲያው ይለወጣል። ሽቦው በቆሻሻ ሲያዝ ወይም ጫፉ ሲበላም ቆጣሪው ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የጎማው አይደለም።

የጎማን ቁጥር ማንበብ እንዴት ነው? በጎማው ጎን ላይ 165/80 አር 15 የሚል ቢገኝ፣ 165 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 80 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ ሰማንያ በመቶ ነው ማለት ነው። አር የሚለው ሬዲያል መሆኑን ይነግራል። 15 የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስንሠራው፣ የ165 ሰማንያ በመቶ 132 ይሆናል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ 132 ይደረግና 264 ይመጣል። ቸርኬው 15 ጊዜ 25.4፣ ማለትም 381 ነው። ድምሩ 645 ሚሊ ሜትር፤ ይህ የጎማው ሙሉ ቁመት ነው። በ3.14 ሲባዛ የአንድ ዙር ርዝመት 2 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል።

ይህ ቁጥር ለቮልስ ተስማሚ ነው። የጥንቱ የቮልስ ጎማ 5.60-15 ነበር፤ በሬዲያል ሲተካ 165 አር 15 ይገባል። አሁን በዚህ ፈንታ 205/70 አር 15 ቢገባ ቁመቱ 668 ይሆናል። ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው የሄደው 103 ተኩል ነው። 185/65 አር 15 ቢገባ ቁመቱ 621 ተኩል ይሆንና ቆጣሪው 100 ሲል የተሄደው 96 ተኩል አይሞላም። 195/65 አር 15 በቁመት ረገድ ይቀርባል፤ ልዩነቱ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ነገር ግን የቮልስ ቸርኬ ጠባብ ስለሆነ ያን የሚያህል ስፋት አይችለውም። ስለዚህ ቁመቱ ብቻ ሳይሆን ስፋቱም መታየት አለበት።

አሁን ይህ ሒሳብ በሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ እንንገራችሁ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. እንሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ አጭር ላንድሮቨር ነበረች። አጭሩ ላንድሮቨር ከፋብሪካ ሲወጣ ጎማው 6.00-16 ነው፤ የረጅሙ 7.50-16 ነው። ቆጣሪያቸውም የተለያየ ነው፤ ፋብሪካው ለየጎማቸው ነው የሠራላቸው። ለአጭሯ የሚሆን ጎማ ጠፋና የረጅሙ ተገዝቶ ገባላት። በክረምት ጭቃው ውስጥ ከፍ ስላለች ሁሉም ወደዳት። ጥቂት ቆይቶ ግን የነዳጁ ሒሳብ አልገጥም አለ። ደርሶ መልስ 100 ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ በመዝገብ 91 ተኩል ሆኖ ይመጣል። የተፈቀደው በ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር ቤንዚን ነበረ፤ በ91 ተኩል ሲታሰብ 14 ሊትር ተኩል ያህል ነው። መኪናዋ ግን 16ቱን ትጨርሳለች። በሃያ ምልልስ 27 ሊትር ጎደለ፤ ከአንድ ጀሪካን በላይ ማለት ነው።

ሹፌሩ ተጠራ። «እኔ ቤንዚን አልጠጣም፤ መኪናዋን ጠይቋት» አለ። መኪና አይጠየቅም ተባለና ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ የጎደለው ነዳጅ ዋጋም ከደመወዙ ይቆረጥ ጀመር። ሦስት ወር እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ነገሩን ሰምቶ «ጎማውን መቼ ቀየራችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መዝገባችንን ገለጥን። ጎማው በሞዴል 22 ከግምጃ ቤት የወጣበት ቀንና ነዳጁ መጉደል የጀመረበት ሳምንት አንድ ሆኖ ተገኘ። አሮጌው ጎማ ገና አልተጣለም ነበርና መልሰን አስገጥመን ግቢው ውስጥ አንከባለልነው፤ አንድ ዙሩ 2 ሜትር ከ25 ሆነ። አዲሱ ሲለካ 2 ሜትር ከ46 ሆነ። ቆጣሪው 444 ዙር ሲሞላለት አንድ ኪሎ ሜትር ይላል፤ በአዲሱ ጎማ ግን 444 ዙር 1092 ሜትር ነው። በየኪሎ ሜትሩ 92 ሜትር ሳይቆጠር ይቀር ነበር ማለት ነው። የሰረቀ ሰው አልነበረም።

የተቆረጠው ገንዘብ ተመለሰለት፤ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤም ከማኅደሩ ወጣ። ሦስት ወር ሙሉ ግን ልጆቹ በሰፈር የሌባ ልጅ ሲባሉ ከርመዋል። ይህን የሚመልስ ሞዴል የለም። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ስሙ ጸድቶ በመቀበሩ ግን ደስ ይለናል።

ነዳጁ እንዲህ ከሆነ ፍጥነቱ ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው። ያች ላንድሮቨር መርፌዋ 60 ሲል የምትሄደው 65 ተኩል ነበር፤ 80 ሲል ከ87 ታልፋለች። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ስንወርድ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥተን ወደ 500 ሜትር ገደማ እናሽቆለቁላለን። ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው። መኪናው ላይ አስከሬንና ለቅሶ ደራሽ ተጭኖ ሹፌሩ መርፌውን አምኖ ሲወርድ መርፌው ካታለለው ፍሬኑ ምን ይሁን? ለዚህም ነው በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብ መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ የሚከለክለው። አብዝቶ ቢያሳይ ግን የእውነተኛውን ፍጥነት አንድ አሥረኛና ተጨማሪ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። በእውነት 80 ለሚሄድ መኪና እስከ 92 ማሳየት ይችላል ማለት ነው። አብዝቶ መሳት ሹፌሩን ያዘገየዋል፤ አሳንሶ መሳት ግን ወደ ገደል ይወስደዋል።

የጎማ ማለቅና የነፋስ ማነስም አለ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ከአዲሱ በቁመት አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ስለሚያንስ፣ ቆጣሪው ከመቶ ሁለት ያህል ሊያበዛ ይችላል። ነፋሱ የጎደለ ጎማም በመጠኑ ያበዛል፤ ከዚያ ይልቅ የሚያሰጋው በጋምቤላ ሙቀት ጎኑ እየታሸ ግሎ መፈንዳቱ ነው። ነፋስ መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስና ጎማው ሳይሞቅ ነው። የሞተር ዘይት መቀየሪያም በቆጣሪው ነው፤ ያች ላንድሮቨር 5000 ስትል 5460 ሄዳለች፤ ዘይቷ በየጊዜው ከቀኑ አልፎ ነበር ማለት ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ጎማ ከመግዛት መለካት ይቅደም። አለካኩ ይህ ነው። ጎማው በልኩ ይነፋ። መኪናው እንደ ወትሮው ይጫን። በደልዳላ መሬት ላይ በጎማውና በመሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። መኪናው ቀጥ ብሎ አሥር ዙር ይሂድ፤ ርቀቱ በአናጺ ሜትር ተለክቶ ለአሥር ይካፈል። የፋብሪካው ጎማ በእጅ ከሌለ፣ ቁጥሩ ከመኪናው መጽሐፍ ወይም ከሻጩ ይጠየቅና ሁለቱ ጎማዎች በቁመታቸው ይነጻጸሩ። የአዲሱ ቁመት ለአሮጌው ተካፍሎ የተገኘው ቁጥር በቆጣሪው ንባብ ሲባዛ እውነተኛው ኪሎ ሜትር ይመጣል። ስልክ ያላቸው ልጆቻችሁም በሳተላይት የሚለካውን ርቀት ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ፤ ከቆጣሪው ጋር አስተያዩት።

በምርጫ ጊዜ ልዩነቱ ከመቶ ሦስት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ግዴታ ሆኖ ከበለጠ ቆጣሪው በሚስማማው ይለወጥ፤ ይህም ካልተቻለ ማረሚያው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከመሪው ፊት ይለጠፍ። በአንድ መኪና ግራና ቀኝ የተለያየ ልክ ፈጽሞ አይግባ። ጎማው የሚችለው ክብደትም ከፋብሪካው ያነሰ እንዳይሆን ጎኑ ላይ ይታይ።

ለሥራ አመራሩ ደግሞ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለዕድሩ ሥራ የሚወጣ መኪና በሚመዘገብበት ደብተር ላይ «የጎማ ቁጥር» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ጎማ ሲቀየርም ቀኑ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የነዳጅ ሒሳብ ያልገጠመለት አባል ሲገኝ ለጠቅላላ ስብሰባ ከመቅረቡ በፊት ጎማው ይለካ። አንድ ሜትርና አንድ ቁራጭ ጠመኔ ለገንዘብ ያዡ ብዙ ወጪ አይደለም። ለካን ብለን ልዩነት ካላገኘን ያን ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። ሳንለካ ስም ብናነሣ ግን፣ ነገ በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ አብረን የምንቆም ሰዎች በማይረባ ነገር ተለያይተን እንዳንቀር እንፈራለን።

 ጥያቄ ያላችሁ ከስብሰባው በኋላ ውጭ ቆመን እንጠብቃችኋለን፤ መኪና ያላችሁም ሜትሩን ይዘናልና አሁኑኑ ልንለካላችሁ እንችላለን።