ስለ ፌዝ ዘፈንና ስለ መምህር ትዕግሥት



ዛሬ የምናገረው በአሜሪካ አገር ስለ ተቀዱ የቀልድ ሸክላዎች ነው። ነገሩ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ቀላል መስሎ እንደሚታይ ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን መጨረሻው ወደ ገዛ ጥፋቴ ይመልሰኛልና በትዕግሥት አድምጡኝ። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

በአርካንሳስ ግዛት ጂሚ ድሪፍትውድ የተባለ መምህር ነበረ። ተማሪዎቹ ታሪክን እንዲወዱ በማሰብ፣ በ1815 በኒው ኦርሊንስ ስለ ተደረገው ጦርነት ግጥም ጽፎ በአንድ የቆየ የቫዮሊን ዜማ አስማማው። ጆኒ ሆርተን በ1959 በሸክላ ቢያስቀዳው በአገሩ ሁሉ ታወቀ። በዚያው ዓመት ሆመርና ጄትሮ የሚባሉ ሁለት የገጠር ሙዚቃ ቀልደኞች ዜማውን እንዳለ ይዘው ቃሉን ለወጡት፤ የጦር ሜዳው የወጣቶች ካምፕ፣ ወታደሮቹም ልጃገረድ ፍለጋ ጫካ የሚያካልሉ ጎረምሶች ሆኑ። ስሙንም «የኩካሞንጋ ጦርነት» አሉት።

እነዚህ ሰዎች እንዲያው አፈኞች አልነበሩም። ሁለቱም በ1920 በቴኔሲ ተወልደው ከልጅነታቸው ጀምሮ በኖክስቪል ራዲዮ አብረው የተጫወቱ ናቸው። ጄትሮ በማንዶሊን የነበረው ችሎታ ዛሬም ለተማሪዎች አብነት ነው። ዜማን አጥብቆ ያልያዘ ሰው ሊያጣምመው አይችልምና፤ ምቱ ከሳተ፣ ቤቱም ካልመታ፣ ሳቁ ይቀራል።

በሁለተኛው የግራሚ ሽልማት መምህሩ በዘፈን ደራሲነቱ፣ ቀልደኞቹም በፌዛቸው ተሸለሙ። ፌዙ ከመምህሩ ክብር ምንም አልቀነሰበትም።

እኔ ግን ይህን ሳላውቅ፣ የትምህርት አሰጣጥን ቅደም ተከተል ለማስታወስ የሚረዳ አጭር መዝሙር ሠርቼ ለዕጩ መምህራን አስተምር ነበር፤ መግቢያ፣ ማብራሪያ፣ ልምምድ፣ ማጠቃለያ የሚል ነው። አንድ ተማሪ ዜማዬን ይዞ ወደ ምግብ ቤቱ ሽሮ አዞረው፤ ወጥ ሠሪው ውሃውን ያስተዋውቃል፣ ጥቅሙን ያብራራል፣ ደጋግሞ በመጨመር ይለማመዳል፣ በባዶ ድስትም ያጠቃልላል። በመስኮት ሰምቼ በክፍሉ ፊት ገሠጽሁት፤ ሦስት ቀንም ከትምህርቴ አገድሁት።

በፈተናው ዕለት በየወንበሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀርቤ ባደምጥ የሚያንጎራጉሩት የእኔን ሳይሆን የእርሱን ነበረ፤ ቅደም ተከተሉንም አንድ ስንኳ አልሳተም። ትምህርቴን ከሁሉ ይልቅ የተረዳው እርሱ ኖሯል። ዛሬ በሩቅ ገጠር ያስተምራል፤ እንደ ተሳሳትሁም እስካሁን አልነገርሁትም።

ጓደኛን የሚያቆስል ስድብ ይታረም፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ዜማችሁን የሚያጣምም ተማሪ ስታገኙ፣ ከመቅጣታችሁ በፊት ዜማውን በትክክል ይዞት እንደ ሆነ አድምጡ። ይዞት ከሆነ፣ ትምህርታችሁ ደርሶታል ማለት ነው።