ሊጠገን የሚችል የጭስ ማጣሪያ፤ ከቁይ ጋራዥ የተነሣ ሐሳብ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ተሽከርካሪዎች የጭስ መቆጣጠሪያ መሣሪያ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት፣ እንደ ልማዳችን፣ የውጭ አገር ደረጃዎችን በሠንጠረዥ አሰናድቼ ለማቅረብ ነበር። ሠንጠረዡንም ጀምሬው ነበር። ዳሩ ግን በክረምቱ ማብቂያ ለቤተ ዘመድ ጉዳይ ወደ ቁይ ስሄድ ያየሁት ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ፤ ስለዚህ ንግግሬ ከዚያው ይነሣል።

ቁይ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መኪና ጎሃ ጽዮን ላይ ደጋውን ይለቅና ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩንም ከተሻገረ በኋላ የወረደውን ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። እኔ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ያገለገለ ሆኖ ከጃፓን የመጣ፣ በቤንዚን የሚሠራ ነበር። ቁልቁለቱን ደኅና ወረደ። ዳገቱ ላይ ግን ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይስብም፤ ግማሾቻችን ወርደን በእግራችን ሄድን። ቁይ የደረስነው ከመሸ ነው።

በማግሥቱ ሾፌሩ መኪናውን ጋራዥ ሲያስገባ ተከትዬው ሄድሁ። መካኒኩ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ እጀ ብልህ ሰው ነው። መዳፉን ከጭስ መውጫው ኋላ አድርጎ የነፋሱን ኀይል ለካ፤ ከሥር ገብቶም ቱቦውን በመዶሻ መታ መታ አደረገ፤ ከዚያም «ታንቋል» አለ። ከማርሚታው ፊት ያለውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር በብረት መቁረጫ ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ አወጣና በቦታው ባዶ ቱቦ በየደበት። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሚኒባሱም ወዲያው እንደ ወይፈን ፈረጠጠ፤ ሾፌሩ መረቀ፤ ሁሉም ደስ አላቸው።

የተቆረጠውን ዕቃ አንሥቼ ወደ ብርሃን ባዞረው፣ የማር እንጀራ የሚመስለው የሸክላ ውስጡ ገሚሱ ቀልጦ እንደ ቀዘቀዘ ሰም ሆኗል። «ምን አቀለጠው?» ብዬ ጠየቅሁ። መካኒኩም፣ «ጋሼ፣ እሱን ለማጣራት ጊዜ የለም፤ ሰውዬው ነገ ገበያ አለበት» አለኝ። ካንዴላዎቹን ለማየት ፈቃዱን ጠይቄ ብናወጣቸው አንደኛው እርጥብና ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ሚኒባሱ ለብዙ ጊዜ በሦስት ሲሊንደር ሲሠራ ኖሯል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ቱቦው ይሄድና እዚያ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይነድዳል ማለት ነው። ኮንቨርተሩን የገደለው ከራሱ የመጣ በሽታ አልነበረም፤ ከላይ የወረደ ነው። እሱን ቆርጦ መጣል ትኩሳት አለ ተብሎ የሙቀት መለኪያውን እንደ መስበር ይቈጠራል።

መካኒኩን ግን ለመውቀስ አፌን አልከፈትሁም። ያላስከፈትሁበት ምክንያት አለኝ፤ ዛሬ በእናንተ ፊት ልናገረው። የአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ኀላፊ በነበርሁባቸው ዓመታት እኔም በሦስት ተሽከርካሪዎች ላይ ይህንኑ አስደርጌአለሁ። አዲሱ ዕቃ ውድ ነበር፤ ማዘዣውም ወራት ይወስዳል፤ መኪናዎቹ ደግሞ ለመስክ ሥራ ይፈለጉ ነበር። ትእዛዙን የፈረምሁት በእጄ ነው፤ በሥራ ካርዱም ላይ ያጻፍሁት «የማርሚታ ጥገና» የሚል ነው። መኪናዎቹም ዓመታዊውን ምርመራ አልፈው ቦሎ ተለጥፎላቸዋል። እንግዲህ ጥያቄው የቁይ መካኒክ ሕግ አክባሪ ነው ወይስ አይደለም የሚል ሊሆን አይገባውም። ጥያቄው፣ ሠሪው ይህን መሣሪያ ሲነድፈው ለመካኒኩ ከመቁረጥ ሌላ ምን መንገድ ተወለት? የሚለው ነው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ታሪኩን በጥቂቱ እናስታውስ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1970 የንጹሕ አየር ሕግ ከወጣ በኋላ በ1975 ሞዴል አውቶሞቢሎች ላይ ኮንቨርተር በብዛት ተገጠመ። በዚያን ጊዜ ጄኔራል ሞተርስ የሠራው ዕቃ ዛሬ ከሚታየው የተለየ ነበር። በጠፍጣፋ የብረት ሣጥን ውስጥ ፕላቲነምና ፓላዲየም የተቀቡ፣ ሽምብራ የማያካክሉ ትናንሽ የአሉሚና ድቡልቡሎች ይሞላሉ። ከሣጥኑ ሥር ደግሞ መዝጊያ አለ። ድቡልቡሎቹ ሲያረጁ ሣጥኑ ከመኪናው ሳይወርድ መዝጊያው ይከፈትና አሮጌዎቹ በንዝረት መሣሪያ ይራገፋሉ፤ አዲሶቹም ይሞላሉ። እህል ከጎተራ አውጥቶ ሌላ እንደ መጨመር ነው።

ይህ ዐይነት ዕቃ ቀረ። የቀረበትም ምክንያት አለው፤ ከባድ ነበር፤ ቶሎ አይሞቅም፤ ድቡልቡሎቹም በመንገድ ንዝረት እየተፋጩ ይደቅቁ ነበር። ባለ ቀዳዳው ሸክላ በሁሉም በኩል በለጠው። በተለይ ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ1976 ከቦሽ የኦክሲጅን ሴንሰር ጋር አጣምሮ ካቀረበው ወዲህ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ሃይድሮካርቦንንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን በአንድ ዕቃ ማጥፋት ተቻለ፤ ይኸውም አየርና ቤንዚን በክብደት 14.7 ለ1 ሆነው ሲቀላቀሉ ነው። ድቡልቡሉ ይመለስ አልልም። የምቆጨው ከድቡልቡሉ ጋር አብሮ ስለ ጠፋው ሐሳብ ነው፤ ይህም ዕቃ እንደ ዘይት ፊልትሮ አንድ ቀን ተከፍቶ ይታደሳል የሚለው ሐሳብ ነው። ዛሬ በብዙ ሞዴሎች ኮንቨርተሩ ከሞተሩ የጭስ መሰብሰቢያ ጋር አንድ ሆኖ ተበይዷል። ነዳፊው ያደረገው ቶሎ እንዲሞቅ ነው፤ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሳይደርስ ሥራ አይጀምርምና። ለስቶክሆልም ብርድና ለአጭር ጉዞ ትክክል ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ሳይቆም ሰዓታት ለሚጓዝ መኪና ግን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያን ያህል ዋጋ የላቸውም፤ ነገር ግን ውስጡ ሲያረጅ መሰብሰቢያውም አብሮ መገዛት አለበት። ለእኛ የሚሻለው ከመሰብሰቢያው ጥቂት ዝቅ ብሎ በሁለት ፍላንጅ የሚታሰር፣ ቡሎኖቹም የናስ ዳዶ ያላቸው ዕቃ ነው። ናስ ከብረት ጋር በሙቀት አይጣበቅም፤ ይህን የድሮ መካኒኮች ሁሉ ያውቁት ነበር።

ነዳፊዎች ጥገናን የሚፈሩበት ምክንያት እንዳላቸውም መካድ አይገባም። በ1970ዎቹ በአሜሪካ የካርቡራተር ማስተካከያ ቡሎን በፕላስቲክ ቆብ ይሸፈን ነበር፤ መካኒኮች ቆቡን እየሰበሩ ድብልቁን አወፈሩት፤ በኋላም ጨርሶ በብረት ታሸገ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ኮንቨርተርን ስለሚመርዝ የነዳጅ መቅጃው አንገት እንዲጠብ ተደረገ፤ ሰዉ ግን አንገቱን አሰፋው። (የእርሳሱ ጣጣ በእኛ በኩል አልፏል፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ከተስማሙ በኋላ እስከ 2006 መግቢያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አስቀርተዋል።) ከዚህ ነዳፊዎቹ የወሰዱት ትምህርት «መካኒኩ እንዳይነካው አሽገው» የሚል ሆነ። እኔ የምወስደው ሌላ ነው፤ የታሸገ ነገር ሲበላሽ የሚቀረው መቁረጫው ብቻ ነው።

ጥሩ ምሳሌም አለ። የኦክሲጅን ሴንሰር ጥርስ በአብዛኛዎቹ ሠሪዎች ዘንድ አንድ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ስፋት፣ 1.5 ሚሊሜትር እርምጃ። ሁለተኛው ምሳሌ የቶዮታ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በተሠሩት ብዙ ሞዴሎቹ ሁለት ቀዳዳዎችን በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ስታገናኙ በዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች የብልሽቱን ቁጥር ትነግራችኋለች፤ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ መቁጠር መቻል ብቻ ይበቃል። እኔ በተሳፈርሁበት ሚኒባስ ላይ ግን ያቺ ቢጫ መብራት በጥቁር ፕላስተር ተሸፍና ነበር። ሾፌሩን ብጠይቀው፣ «ታናድደኛለች፤ ምን እንደምትል የሚነግረኝ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው።

አሁን ስለ ደጋው ልናገር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ማስተካከያ የሌለው ካርቡራተር እዚያ ድብልቁን ከአሥር በመቶ በላይ ያወፍረዋል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም አየሩ ሲቀንስበት ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ያው ስለሆነ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ በዳገት ላይ ያለውን ቅጥቅጥ አይሱዙ አይተን «ሾፌሩ ግዴለሽ ነው» ከማለታችን በፊት ፖምፓው ለየትኛው ከፍታ ተለክቶ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባናል። የፖምፓ መለኪያ ጠረጴዛ ያላችሁ አባሎቻችን ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ የደጋ መኪና በደጋ ልክ ቢስተካከል ያለ አንዳች ማጣሪያ ጭሱ ብዙ ይቀንሳል።

በናፍጣ በኩል የሚመጣው ችግር ግን ገና ነው። አዳዲሶቹ የጭነት መኪናዎች የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። በማጣሪያው የሚያዘው ጥላሸት 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነድዶ ይጠፋል፤ ከሞተር ዘይት የሚመጣው አመድ ግን አይነድምና ማጣሪያው ወርዶ መጽዳት አለበት። (ከዐባይ ድልድይ እስከ ደጀን ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና ቱቦውን ስለሚያግል ለጥላሸት ማቃጠያ ከዚያ ዳገት የተሻለ መንገድ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ሾፌሮች የሚረግሙት ዳገት ለማጣሪያው መድኀኒቱ ነው።) ታዲያ ያ ማጣሪያ ወለሉ ሳይፈርስ ሊወርድ ይችላልን? እዚህ አገር አካል የሚገነቡ ባልደረቦቻችን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ሻንሲው ሲመጣ ቡሎኖቹ ይታዩ ነበር፤ ወለሉንና ደረጃውን በየድን በላያቸው የዘጋን እኛ ነን።

ስለ ዩሪያም አንድ ቃል ላክል። የናይትሮጅን ኦክሳይድን ለማጥፋት በትልልቆቹ መኪናዎች ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ 32.5 በመቶ ንጹሕ ዩሪያ ያለበት ውሃ ነው። ጎጃም ውስጥ ዩሪያ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ለጤፉ ይበትነዋል። ስለዚህ አንዱ ብልህ ሾፌር የማዳበሪያውን ዩሪያ በባልዲ በጥብጦ እንደሚሞክር አልጠራጠርም። የማዳበሪያው ግን ባዕድ ነገር ስላለበት መርጫውን ይደፍናል፤ ማጣሪያውንም ይመርዛል። በመጨመሪያው ክዳን ላይ ያለው ጽሑፍ በአማርኛ ቢሆን ምን ይጎዳል?

ከእናንተ መካከል፣ «በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወስኗል፤ ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ እንግዲህ የኤሌክትሪክ ዘመን ሲመጣ ይህ ሁሉ ክርክር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። መኪና አዲስ አበባ ውስጥ አይሞትም፤ ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል። አዲስ አበባ የሰለቸችው ሚኒባስ ነገ በቁይ መንገድ ላይ ነው፤ አዲስ መኪና መግባት ሲከለከል ደግሞ ያለው ዕድሜው ይረዝማል። በዚያ ጋራዥ ውስጥ የመካኒኩ ረዳት የሆነ ልጅ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሞተሩ እየሠራ ከቱቦው አጠገብ ተቀምጦ ቡሎን ያጥብ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። እኔም ሦስቱን ትእዛዝ በፈረምሁ ጊዜ ከቱቦዎቹ አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ አላሰብሁም ነበር።

ስለዚህ አዲስ መኪና የሚመርጡና የጨረታ ዝርዝር የሚጽፉ አባሎቻችን ከፈረስ ጉልበቱና ከዋጋው ቀጥሎ ይህን እንዲጠይቁ እመክራለሁ፦ ማጣሪያው በቡሎን ይፈታል ወይስ ተበይዷል? የብልሽቱን ቁጥር ያለ ውድ መሣሪያ ማንበብ ይቻላል? ውስጡ ብቻውን ይሸጣል? ሻጩ በጽሑፍ እንዲመልስ ይገደድ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያልተጠየቀ ፋብሪካ መልስ አያዘጋጅም።

እስከዚያው ግን አንዲት ትንሽ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ከቁይ እንደ ተመለስሁ በአንድ የቶርኖ ቤት ውስጥ 18 በ1.5 ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቱቦ አስቀረጽሁ፤ ጫፉ ላይ የመዳብ ቱቦና ተራ የግፊት መለኪያ ገጠምሁበት። የፊተኛው የኦክሲጅን ሴንሰር ተፈትቶ ይህ በቦታው ይታሰራል፤ ሞተሩም በደቂቃ ወደ 2500 ዙር ከፍ ይደረጋል። ግፊቱ ከ0.2 ባር በታች ከሆነ ቱቦው አልታነቀም፤ መቁረጫው ይመለስ፤ ጥፋቱ ከካንዴላ፣ ከኖዝል ወይም ከአየር ፊልትሮ ይፈለግ። ከዚያ በላይ ከሆነ ታንቋል፤ ነገር ግን ከመለወጡ በፊት ያነቀው ምን እንደ ሆነ ይታወቅ። አንዱን ለቁይው መካኒክ ልኬለታለሁ። በስልክ የመጀመሪያው ጥያቄው፣ «ለናፍጣ ሞተርስ የሚሆነው የት ይታሰራል?» የሚል ነበር። ሴንሰር በሌለው ቱቦ ላይ መለኪያውን የምናስርበት ቀዳዳ የለንም፤ በዚህ ላይ ሐሳብ ያለው ባልደረባ ቢረዳኝ ደስ ይለኛል።

ሥዕሉ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ አንድ አንድ ቅጅ ይውሰድ።