ትንሿ አንቴና በእብናት ቤት



በአምስት ኪሎ ግቢ የተቋቋመው የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ፣ የኢትዮጵያን ድምፅ ለዓለም አሰምቷል። ታዲያ የእብናት ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ከዚህ ሥራ ይለይ? አይገባም እንላለን።

ችግሩ ቦታ ነው። በ21 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የተለመደ አንቴና ዘንጉ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጠባቡ ግቢያችን አይችለውም። እንግሊዛዊው ሌስ ሞክሰን ግን የሁለቱን ዘንጎች ጫፎች አጠፋቸው፤ ጫፎቹ ሳይነካኩ ይተያያሉ። ስለዚህ ስፋቱ 5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ግድም ብቻ ይሆናል። ሽቦና አራት የቀርከሃ ክንድ ይበቃዋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ አይሁን፤ እኛ ሞክረነው ሲደርቅ ተጣሞብናል። ጎረቤትም የልብስ ማስጫ ነው ወይ ብሎ ጠይቆናል።

ይህ አንቴና በዚያው ከፍታ ከተሰቀለ ተራ ሽቦ ይልቅ ወደ ፊት የሚልከው ኃይል ከእጥፍ በላይ ነው። ከኋላ የሚመጣውንም ሁከት አጥብቆ ይቀንሳል። ከእብናት ፊቱን ወደ ጎንደር ብናዞረው አውሮፓና አሜሪካ፣ ወደ ሰቆጣ ብናዞረው ጃፓን ከፊቱ ይሆናሉ። ለማዞር ሞተር አያሻም፤ ገመድ ይበቃል።

አንዳንድ ጓደኞች «ተራ ሽቦ ምን አነሰው?» ይላሉ። ለማዳመጥ እውነታቸውን ነው። ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ኢትዮጵያን ሲጠሩ ግን አንዱን ከሌላው መለየት ጭንቅ ነው።

ፈቃድ ሳይወጣ መላክ ፈጽሞ አይገባም። ዕረፍታችንም ክረምት ነውና መብረቅ አይዘንጋ፤ ደመና ሲጠቁር ሥራውን አቁሞ ሽቦውን ከሬዲዮው መንቀል ያስፈልጋል።

ደረቅ ቀርከሃ የሚያዋጣ ጓደኛ ቢኖር ከዕረፍቱ በፊት ይንገረን።