ስለ ጥርጥርና ስለ ሃይማኖት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የሱሉልታ ምእመናን ሆይ፤ በዚህች ከተማ በሚያልፈው ጐዳና ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ከደብረ ሊባኖስ ይደርሳል። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር የዚያን ገዳም መነኮሳት ሰብስቦ ፈጃቸው። ይህን የሰማ ወጣት፣ «እግዚአብሔር ካለ የሚያመሰግኑትን ስለ ምን አላዳነም?» ብሎ ቢጠራጠር ሊነቀፍ አይገባውም። ዕንባቆም ነቢይም ግፍ አይቶ እንዲሁ ጠይቋል፤ መልስም ተሰጠው እንጂ አልተጣለም።

ሃይማኖት ከሥጋ ሞት ለማምለጥ የተገባ ውል አይደለችም። ጌታ ራሱ ከመስቀል አልወረደም፤ ሞቶ ተነሣ እንጂ። አቡነ ጴጥሮስም አርበኞችን ያወግዙ ዘንድ ቢጠየቁ እንቢ ብለው፣ በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ትንሣኤን ያመነ ልብ እንዲህ ይጸናል።

ስለዚህ በዚህ ኢዮቤልዩ የሚጠይቅ ልጅ ከደጀ ሰላም አይባረር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።