ከአፍ የወጣ አፋፍ፦ ድንበር ስለሚሻገር ጥርጣሬ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም





ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ንግግራችን የሽብር ጥቃት ከደረሰ በኋላ መንግሥታት ከወዳጅ አገር ጋር ስለሚለዋወጡት የደኅንነት መረጃ ነው። ርእሱ ሲሰማ የሚኒስትሮችና የሰላዮች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ መዝገብ ላይ የሚጻፈው የሰው ስም ነው። ስሙ የተጻፈበት ሰው ደግሞ አባወራ፣ ሠራተኛ፣ ጁሙዓ የሚሰግድ ሙስሊም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር በግልጽ እንበል። ንጹሕ ነፍስ ማጥፋት ሐራም ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አሜሪካ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲገደሉ ከሟቾቹ መካከል ሙስሊሞችም ነበሩ። መንግሥታት ሕዝባቸውን ከእንዲህ ያለ ጥፋት ለመጠበቅ መረጃ መለዋወጣቸውን አንቃወምም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ መረጃው ሐቅ መሆኑን ማን ያጣራል? ሐሰት ሆኖ ሰው ሲጎዳስ ማን ይጠየቃል?

ወንድሞችና እህቶች!

ሜይ 22 ቀን 2017 በእንግሊዟ ማንቸስተር ከተማ የሙዚቃ ዝግጅት ሲያበቃ በፈነዳ ቦምብ 22 ሰዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ። የእንግሊዝ ፖሊስ ስሙን ይፋ ሳያደርግ የተጠርጣሪው ማንነት በአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ወጣ። ቀጥሎም ከፍንዳታው ቦታ የተነሡ የማስረጃ ፎቶግራፎች ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ታተሙ። የማንቸስተር ፖሊስ ለአሜሪካ የሚሰጠውን የምርመራ መረጃ ወዲያው አቆመ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ጉዳዩን ለፕሬዚዳንት ትራምፕ እንደሚያነሡ ተናገሩ። ትራምፕም መረጃው እንዴት እንዳፈተለከ እንዲጣራ አዘዙ። ከአሜሪካ በኩል ማረጋገጫ ተሰጠና ልውውጡ በአንድ ቀን ውስጥ ቀጠለ።

ይህ እርምጃ ተገቢ ነበር። የሟች ቤተሰቦች ሐዘን ላይ ሳሉ የምርመራ ማስረጃ ጋዜጣ ላይ መውጣቱ ነውርም ጉዳትም ነው። እኛ ግን ፍጥነቱን ልብ እንድትሉት እንፈልጋለን። የመንግሥት ፋይል ሲጎዳ ስልክ ተደወለ፣ በር ተዘጋ፣ ማረጋገጫ ተገኘ፤ ሁሉም በሰዓታት ውስጥ። የሚጎዳው ፋይሉ ሳይሆን ሰው ሲሆንስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ለዚህ መልሱን ከሌላ አገር፣ ከካናዳ፣ እናገኘዋለን።

ወንድማችን ማሂር አራር ሶርያ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ካናዳ የሄደ፣ ዜግነት ያገኘ የቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲስ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነበር። በኦክቶበር 2001 ኦታዋ ከተማ ውስጥ ፖሊስ ከሚከታተለው ሰው ጋር ሻይ ቤት ተገናኘ፤ በዝናብም አብረው ሲሄዱ ታዩ። ፖሊስ ስሙን የመዘገበው በዚህ ነው። ወንጀል አልተገኘበትም። ከአንድ ሰው ጋር መታየቱ ግን በቂ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጥሞና ስሙ። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ የማሂርንና የባለቤቱን ስም ለአሜሪካ ጉምሩክ ሲያስተላልፍ ከአልቃኢዳ ጋር ግንኙነት አላቸው ተብለው የሚጠረጠሩ አክራሪ ሙስሊሞች ብሎ ገለጻቸው። ለዚህ ምንም መሠረት አልነበረውም። በ2002 ደግሞ የምርመራ ማኅደሩን በጅምላ በሦስት ሲዲ ገልብጦ ለአሜሪካኖች ሰጠ። የቱ አስተማማኝ ነው፣ የቱ ተራ ወሬ ነው ብሎ አላበጠረም። «ይህን መረጃ ያለ እኛ ፈቃድ ለሌላ ተግባር አታውሉ» የሚል ገደብም አላስቀመጠም፤ የራሱ መመሪያ ግን ይህን እንዲያደርግ ያዘው ነበር።

አበው «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ። ሰው የተናገረውን ቃል መመለስ ካልቻለ፣ መንግሥት ለሌላ መንግሥት አሳልፎ የሰጠውን ጥርጣሬ እንዴት ይመልሳል? ኦታዋ ላይ «ምናልባት» የነበረው ኒው ዮርክ ሲደርስ «በእርግጥ» ሆነ።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2002 ማሂር ከቱኒዚያ ወደ ቤቱ ሲመለስ አውሮፕላን ለመቀየር ኒው ዮርክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ ወረደ። እዚያው ያዙት። ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ካሰሩት በኋላ፣ የካናዳ ፓስፖርት ይዞ ሳለ፣ ወደ ካናዳ ሳይሆን በዮርዳኖስ በኩል ወደ ሶርያ ላኩት። እዚያ በኬብል ተገረፈ። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያህል በሆነ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከአሥር ወር በላይ ተዘጋበት። እሱ ራሱ ያንን ክፍል መቃብር ብሎ ጠርቶታል።

ሥቃዩ ሲበዛበት ያልሄደበትን አፍጋኒስታን ሄጃለሁ፣ ሠልጥኛለሁ ብሎ ፈረመ። ያ ቃል ወደ ካናዳ ተመልሶ መጣ። የካናዳ ባለሥልጣናት በግርፋት የተገኘ ሊሆን እንደሚችል ሳይገልጹ ለየመሥሪያ ቤቱ አሰራጩት። እንግዲህ ዙሩን ተመልከቱት፦ ሐሰት ከዚህ ወጣ፣ እዚያ ተገረፈ፣ «ማስረጃ» ተብሎ ተመለሰ።

ውድ ጀመዓ!

ይህን ዙር ማን ሰበረው? ባለቤቱ እህታችን ሞኒያ ማዚግ ናት። ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ፣ ስሟ ከባሏ ጋር በክትትል ዝርዝር ላይ ተጽፎ፣ ብዙ ሰው ሊጠጋት ሲፈራ ዝም አላለችም። ለሚኒስትሮች ጻፈች። በፓርላማው ደጅ ቆመች። ጋዜጠኞችን፣ የሰብኣዊ መብት ድርጅቶችን፣ ሙስሊም ያልሆኑ ጎረቤቶቿን ጭምር ስለ ባሏ አነጋገረች። መሣሪያዋ ሰብርና ሐቅ ነበር። ማሂር በኦክቶበር 2003 ተፈቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

መመለሱ ግን የመከራው ማብቂያ አልሆነም። ስማቸው ያልተገለጸ ባለሥልጣናት ለጋዜጦች ወሬ እያቀበሉ ስሙን ያጠፉት ያዙ። ያኔ ቤተሰቡና ደጋፊዎቹ ይፋዊ ምርመራ ጠየቁ። በ2004 መንግሥት በዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። የአሜሪካ መንግሥት ቃሉን ለመስጠት እምቢ አለ። ዳኛው ግን የካናዳን መዝገብ አስከፍተው መረመሩ።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 2006 ውጤቱ ወጣ። ማሂር አራር አንዳች ወንጀል እንደሠራ ወይም ለካናዳ ደኅንነት አደጋ እንደሆነ የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለም ተባለ። አሜሪካ እሱን ወደ ሶርያ ለመላክ ስትወስን ከካናዳ ፖሊስ በተቀበለችው መረጃ ሳትመራ እንዳልቀረች ዳኛው ደመደሙ። የካናዳ ባለሥልጣናት በመላኩ ውሳኔ ተባብረዋል የሚል ማስረጃ እንዳላገኙም ጻፉ። ፍትሕ ማለት ይህ ነው፤ የተገኘውንም ያልተገኘውንም እኩል ይናገራል። የፖሊሱ አዛዥ ይቅርታ ጠይቀው በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በጃንዋሪ 2007 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ 10.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ካሳም ተከፈለ።

ዳኛው የመረጃ ልውውጥ ይቁም አላሉም። መረጃ ከመተላለፉ በፊት ተገቢነቱና ትክክለኛነቱ ይጣራ፤ የአጠቃቀም ገደብ ይጻፍበት፤ ለግርፋት ምክንያት ሊሆን የሚችል ከሆነ አይሰጥ፤ ምርመራ በዘርና በሃይማኖት ላይ አይመሥረት፤ ሥራውንም ከፖሊስና ከደኅንነት ነፃ የሆነ አካል ይቆጣጠር አሉ።

አሁን ከላይ ያነሣነውን ጥያቄ እንመልስ። በማንቸስተር ጉዳይ ማረጋገጫ ለማግኘት አንድ ቀን በቂ ነበር። በካናዳ አንድ ንጹሕ ሰው ከተያዘበት ቀን አንሥቶ ንጹሕነቱ እስኪነገር አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ብቻ ቀረው። ዳኛው በ2006 የጠየቁትን መሰል፣ የደኅንነት ተቋማትን ሁሉ የሚመረምር አንድ ነፃ አካል የተቋቋመው ደግሞ በ2019 ነው፤ ከ13 ዓመት በኋላ። አሜሪካ ውስጥ ማሂር ያቀረበው ክስ በአገር ደኅንነት ስም ተዘጋ፤ የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2010 ጉዳዩን አልመለከትም አለ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ቀጠናችን እንመለስ። በ2007 መጀመሪያ የሶማሊያን ጦርነት ሸሽተው ኬንያ ድንበር ላይ የተያዙ በርካታ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ በአውሮፕላን ወደ ሶማሊያ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ተወስደው ታሰሩ። የአሜሪካ መርማሪዎችም ጠየቋቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ይህን በሪፖርት አውጥቶታል። ሦስት አራት መንግሥታት እጃቸውን ያስገቡበት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ኦኮነር ያለ ዳኛ መዝገቡን ሲያስከፍት አላየንም። ካናዳዊው ቢያንስ ይቅርታ ሰምቷል። ለእነዚህኞቹ ማን ይቅርታ ጠየቀ?

ስለዚህ ጥቃት ደርሶ መንግሥት ከወዳጁ ጋር ያለውን የመረጃ ልውውጥ «እንገመግማለን» ባለ ቁጥር እኛም የምንጠይቀው ይኑረን። ግምገማው የሚመረምረው ወዳጁ የደበቀውን ብቻ ነው ወይስ እኛ የሰጠነውንም? ስሙ በስሕተት የተላለፈ ሰው የሚያመለክትበት በር አለ? ገምጋሚው የተገምጋሚው አለቃ ነው ወይስ ነፃ ዳኛ? ውጤቱ ለሕዝብ ይነገራል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል? እነዚህን መጠየቅ ለሽብር መከላከያ መሆን አይደለም። ፖሊስ ንጹሑን ሲያሳድድ የሚያጠፋው ጊዜ ወንጀለኛው የሚያመልጥበት ጊዜ ነው።

የራሳችንም ድርሻ አለ። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለው ትእዛዝ በቅድሚያ የወረደው ለእኛ ለአማኞች ነው። ስለ ወንድማችን ያላረጋገጥነውን አንናገር፤ «እገሌ እንዲህ ነው» የምትል አንዲት ቃል የት እንደምትደርስ አይተናል። ተጨባጭ አደጋ የምናውቅ ከሆነ ለሚመለከተው እንንገር፤ ነፍስ ማዳን ግዴታ ነው። ከመካከላችን ሰው ሲያዝ የተያዘበትን ቀን፣ ቦታና ሁኔታ በጽሑፍ እንያዝ፤ ጠበቃ እንፈልግለት። ቤተሰቡንም አንሽሽ። የሞኒያን ትግል ያከበደው እስሩ ብቻ አልነበረም፤ የወዳጆች መራቅም ነበር። ጥያቄያችን ደግሞ እንደ እሷ ሰላማዊ፣ ግልጽና የማይታክት ይሁን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ነገር ግን በራሱ የሚጠራ አይደለም፤ እንዲጠራ ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ይፈልጋል። ከእነዚያ ሰዎች እንሁን።

አላህ በግፍ የታሰሩትን ሁሉ ነፃ ያውጣልን። በሽብር ልጆቻቸውን ላጡ ወላጆች መጽናናትን ይስጥልን። በሰው ስም ላይ ብዕር የሚያነሡትን የሐቅ ሰዎች ያድርግልን። ለእኛም ሰብሩን፣ አንድነቱንና ማስተዋሉን ይወፍቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!