የወላድን ደም ስለ መለካት



በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። እናቶቻችን ወላድ ከሞት ደጃፍ እንደምትመለስ ያውቁ ነበርና ቃሉ ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም። ነገር ግን እልልታው ቀልጦ ዘመድ ሁሉ ሕፃኑን ለማየት በሚሽቀዳደምበት በዚያው ሰዓት፥ ለእናቲቱ እጅግ የሚያሰጋው ጊዜ ገና መጀመሩን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ሕፃኑና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ማሕፀን ተኰማትሮ የተከፈቱትን የደም ሥሮች መዝጋት ይኖርበታል። ሳይኰማተር የቀረ እንደ ሆነ ደሙ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደ ገመተው በዚህ ምክንያት በየዓመቱ 70,000 ያህል ሴቶች ይሞቱ ነበር፤ የሚበዙትም በድኾች አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ደሙን የሚያግደው መድኃኒት ከተገኘ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጃፓናዊቱ ሐኪም ዶክተር ኡታኮ ኦካሞቶ ከባለቤታቸው ከሾሱኬ ጋር ሆነው ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1962 ለዓለም አስታወቁ። ከጦርነቱ በኋላ አገራቸው በችግር ላይ ሳለች ደምን ለምርምር የመረጡት፥ የሚመረመረው ቢያልቅ ከራሳችን እንቀዳለን ብለው ነው። መድኃኒቱ ለወላዶች እንዲሞከር በኮቤ ከተማ ያሉትን ሐኪሞች ቢለምኑም የሰማቸው አልነበረም። በ21 አገሮች 20,060 ሴቶች በተካፈሉበት ጥናት፥ ከወለዱ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ደም ፈስሷቸው የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እርሳቸው በዋዜማው ዓመት በ98 ዓመታቸው ዐርፈው ነበር። ሃምሳ አምስት ዓመት! በዚህ መካከል ስንት እናት እንዳለፈች ማን ይቈጥራል?

ይሁን እንጂ ደሙ መብዛቱ ካልታወቀ መድኃኒቱን ማን ያነሣዋል? በብዙ ሐኪም ቤት አዋላጂቱ አንሶላውንና ጥጡን በዓይኗ ብቻ ተመልክታ «ደኅና ናት» ስትል ኖራለች። በየመሥሪያ ቤታችን ገንዘብ ያዡ ካዝናውን በዓይኑ ገምቶ ሒሳብ ዘጋሁ ቢል ማናችንም አንቀበለውም፤ የወላድ ደም ግን በዓይን ግምት ሲታለፍ ኖረ።

በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የመራውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ይህንኑ ልማድ ለማስቀረት የተደረገ ነው። በኬንያ፥ በናይጄሪያ፥ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ ሰማንያ ያህል ሐኪም ቤቶች ተካሄደ፤ ከ200,000 የሚበልጡ ወላዶችም ተካፈሉበት። ዕቃው ተራ ነው፦ ከወላዲቱ በታች የሚዘረጋ፥ ጫፉ እንደ ከረጢት ሆኖ የመለኪያ መስመር የተሰመረበት ፕላስቲክ። ደሙ 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ፥ ወይም ሳይደርስም የሚያሰጋ ምልክት ሲታይ፥ ማሕፀኑን ማሸት፥ የሚያኰማትረውን መድኃኒትና ያንኑ የጃፓናውያኑን መድኃኒት መስጠት፥ በደም ሥር ፈሳሽ ማስገባት፥ ደሙ ከወዴት እንደሚመጣም መመርመር፤ ይህ ሁሉ አንዱ እስኪያቅት ሌላውን ሳይጠብቁ ባንድነት ይደረጋል።

በዚህ ሥርዓት ከሠሩት ሐኪም ቤቶች ብዙ ደም ከፈሰሳቸው መቶ ሴቶች 93ቱ በጊዜው ታወቁ፤ በቀድሞው ልማድ ከቀሩት ግን 51 ብቻ። ከባድ የደም መፍሰስ፥ ለዚሁ ሲባል ሆድ መቀደድና ሞት ባንድነት ሲቈጠሩ 60 በመቶ ቀነሱ።

እኔ ራሴ የበኵር ልጄ በተወለደ ጊዜ ከበሩ ውጭ ቆሜ ለአዋላጂቱ ያቀረብሁት ጥያቄ «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» የሚል ብቻ ነበር። እናንተ ባለቤታችሁን ወይም እኅታችሁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ስትሄዱ፥ ምጡ ሳይፋፋም በፊት፥ በትሕትና «ደሙን የምትለኩት በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከወለደች በኋላም ዘመድ ሁሉ ወደ ሕፃኑ ሲዞር፥ አንድ ሰው ከአልጋዋ ራስጌ አይለይ።